የታችኛው መስኮት የተዘጋ ዕለት

የታችኛው መስኮት ተዘግቶ ያገኘሁት ከስልክ ቤት ስመለስ ነው። ጠዋት ከቢሮ ስወጣ ክፍት ነበር። እኔ ሳልኖር ያንን ማሽን የሚነካ ሰው እምብዛም አልነበረም። የሚነካ ቢገኝም መስኮቱን መዝጋት የምትችለው አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ እሷንም ያስተማርኳት እኔው ነኝ።

መስኮት ስል የግድግዳውን ማለቴ አይደለም፤ የኢሜይሉን ነው። ፕሮግራሙ ሲከፈት ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል። በላይኛው በኩል የመልእክቶቹ ዝርዝር አለ፤ ማን እንደላከው፣ ስለ ምን እንደላከው፣ መቼ እንደላከው። በታችኛው በኩል ደግሞ ከዝርዝሩ ውስጥ የተመረጠው መልእክት፣ ማንም ሳይከፍተው፣ ውስጡ ይታያል። ኮምፒውተሩን ያስተማረን ባለሙያ «ፕሪቪው» ይለው ነበር። የእኛ ቢሮ ሰው «የታችኛው መስኮት» አለው፤ በዚያው ቀረ።

ክልሉ ገና አዲስ ነበር። አሶሳ ውስጥ ሁሉም ነገር ጅምር ነው፤ ቢሮውም፣ መንገዱም፣ እኛም። አንዱ ክፍል ጠረጴዛ አለው፣ ወንበር የለውም። ሌላው ወንበሮቹ ከነላስቲካቸው ተደርድረው ጠረጴዛው በመንገድ ላይ ነው ይባላል። ሠራተኛው ከየአገሩ የተሰበሰበ ነው። ከጎጃም፣ ከወለጋ፣ ከሸዋ ተመድበን የመጣን አለን፤ የአገሩ ተወላጆች ደግሞ፣ በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ አብዛኞቹ ከመምህርነት ተጠርተው ኃላፊ ሆነዋል። እኔ ከደብረ ማርቆስ ነው የመጣሁት። ሻንጣዬን እስከ መጨረሻው አላራገፍኩም ነበር። ግማሽ ልብሴን እንደያዘ ከአልጋዬ ሥር ተቀምጧል፤ ነገ ዝውውር ተፈቀደልሽ ብባል ለመነሣት። ሙቀቱን አልለመድኩትም፣ ከተማውን አልለመድኩትም፣ ልቤ አንድ ቦታ አልረጋም።

ከስልክ ጋር የተያያዘው ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነበር። ኮሌጅ እያለሁ ትንሽ ኮምፒውተር በመማሬ ኃላፊነቱ ለእኔ ተሰጠኝ። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ አንድ ጊዜ መስመሩን አገናኛለሁ። ሞደሙ ጅብ እንደያዛት አህያ ይጮኻል፣ ይጮኻል፣ ከዚያ ዝም ይልና መልእክቶቹ አንድ በአንድ ይወርዳሉ። የመምሪያው ሰው ሁሉ የሚጠቀመው አንድ አድራሻ ነው። የሥራውም የግሉም እዚያው ይገባል።

የክፍላችን ኃላፊ ሸምገል ያሉ የበርታ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በማስተማር ነው። ዐረብኛ አቀላጥፈው ያነባሉ፤ አማርኛቸውም ደህና ነው፣ ሴትና ወንድ አለመለየቱ ብቻ ይቀረዋል። ቢሮ ውስጥ ላለነው ሴቶች ሁሉ «ና»፣ «ሂድ»፣ «አንተ» ነው የሚሉን። መጀመሪያ ሰሞን ዞር እያልኩ ወንድ እፈልግ ነበር። በኋላ ለመድኩት። እኔም ጋሼ እላቸዋለሁ።

ጋሼ የታችኛውን መስኮት ይወዱታል። መልእክት ከፍቶ አንብቦ መዝጋት ያሰለቻቸዋል።

«ክፈት፣ ዝጋ፣ ክፈት፣ ዝጋ! ይኼ የበግ በረት ነው እንዴ?» ይላሉ። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ወንበራቸውን ወደ እኔ ያስጠጋሉ፤ እኔ ዝርዝሩ ላይ ቁልቁል ስወርድ እሳቸው በታችኛው መስኮት ያያሉ። ፊደሉ ሲያስቸግራቸው እኔ አነብላቸዋለሁ።

መስኮቱ ግን ጣጣም ነበረበት። ያልተነበበ መልእክት በደማቁ ነው የሚጻፈው፤ ሲነበብ ይደበዝዛል። በታችኛው መስኮት ለጥቂት ጊዜ ከታየ ፕሮግራሙ ተነቧል ብሎ ያደበዝዘዋል። አንድ ጊዜ የስብሰባ ጥሪ እንዲህ ደብዝዞ ሳይታይ ቀረና ጋሼ ስብሰባው አመለጣቸው። «ማነው ያነበበው? እኔ አላነበብኩም፣ አንተ አላነበብክም፣ ሰይጣን ነው ያነበበው?» ብለው ተቆጡ። ማስተካከያውን ፈልጌ አገኘሁና አጠፋሁት። ከዚያ ወዲህ አንድ መልእክት ሁለቴ ጠቅ ተደርጎ እስካልተከፈተ ድረስ፣ መቶ ሰው በታችኛው መስኮት ቢያየውም፣ ደማቅ እንደሆነ ይቆያል።

ሌላው ጣጣ ጠረጴዛዬ ነው። ፊቴን ወደ ግድግዳው፣ ስክሪኑን ወደ በሩ ያደረገ ነበር። የገባ ሰው ሁሉ ሰላም ሳይለኝ በትከሻዬ ላይ ያነባል። ለዚህም መላ አገኘሁ። ሁለቱን የሚለየውን መስመር በማውስ ይዞ ወደ ታች መጎተት ይቻላል፤ መስኮቱ ሁለት ሦስት መስመር ብቻ እስኪያሳይ ይጠባል። የግል መልእክት የሚጠብቅ ሰው ካለ አጠብበዋለሁ። የባሰ እንደሆነ ከላይ ካለው ሜኑ ጨርሼ አጠፋዋለሁ። ይኼንን ነው ለታይፒስታችን ያሳየኋት።

ታይፒስታችን የወለጋ ልጅ ነች፤ ከእኔ ጋር አንድ ቤት ተከራይተን በቀርከሃ ግድግዳ ተለያይተን እንኖራለን። ከእሷ ጋር የማይስቅ ሰው የለም።

በዚያ ክረምት አባቴ ታሞ ነበር። ሲጀምረው ቀላል ነው አሉ፤ ቆይቶ ማርቆስ ሆስፒታል አስገቡት፤ ከዚያ ወደ ቤት መለሱት። የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ስለነበር ፈቃድ ብጠይቅ «ሪፖርቱ ይለቅና ትሄጃለሽ» ተባልኩ። ከአሶሳ ማርቆስ መድረስ እንዲህ ቀላል አይደለም። ዐባይ መሐል ላይ ተጋድሟል፤ በወለጋ ዞሮ፣ አዲስ አበባ ገብቶ፣ እንደገና ወደ ጎጃም መውጣት ነው። ስለዚህ ጠበቅሁ። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ ከኢንተርኔት ቤት ይጽፍልኛል። አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጽፈው። ሁልጊዜ የመጀመሪያው መስመር «አባዬ ደህና ነው፣ አትጨነቂ» ነው። ለዚህ ነው የታችኛውን መስኮት እኔም የወደድኩት። መልእክቱ ገና ከመውረዱ ያቺ መስመር ብቅ ስትል አየር እስባለሁ። ይኼንኑ ለወንድሜ ጽፌለት ነበር፤ «መጀመሪያ ላይ የምትጽፈው ሳልከፍተው ይታየኛል፣ ስለዚህ የአባዬን ነገር ቅድም ጻፍልኝ» ብዬ።

በኋላ በኋላ ቀን ሁለቴ ማገናኘቱ አልበቃኝም። ሰበብ እየፈለግሁ አገናኛለሁ። ደብዳቤ እየጻፍኩ መሐል ላይ ትቼ እነሣለሁ፣ በር ላይ ቆሜ የማንጎውን ዛፍ አይቼ እመለሳለሁ። ታይፒስታችን «ቁጭ በዪ እንጂ፣ ወንበሩ ነው የሚያቃጥልሽ?» ትለኛለች።

የዚያን ዕለት ጠዋት መስመሩ ጭራሽ እምቢ አለ። ብልሽቱን ለማስታወቅ ስልክ ቤት ሄድኩ። ወረፋ ነበረ፤ ቆየሁ። ስመለስ ታይፒስታችን የእኔ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ስታየኝ ብድግ አለች።

«መስመሩ መጣ?» አልኳት።

«አዎ፣ አንቺ እንደወጣሽ መጣ። ሪፖርቱን ላክነው።»

ጎንበስ ብዬ ሳይ ስክሪኑ ላይ ዝርዝር ብቻ ነው። እስከ ታች ድረስ ስም፣ ስም፣ ስም። የታችኛው መስኮት የለም።

«ማነው የዘጋው?»

«ምኑን?» አለች።

«መስኮቱን ነዋ!»

«እ... ቫይረስ በእሱ ነው የሚገባው ብለው የለ ከአዲስ አበባ? ለዚያ ነው።» ስትናገር ዐይኗን ወደ በሩ አድርጋ ነበር። በእርግጥ ባለሙያው በስልክ እንደዚያ ብሎናል፤ ካለን ግን ወራት አልፏል፤ እሷም ያኔ ስቃበታለች። ዝርዝሩን ለማየት ወንበሩን ስስብ ጋሼ ከክፍላቸው ተጣሩ።

«አንተ! ና! ባምባሲ ሂድ። መኪናው ቆሟል።»

«አሁን ጋሼ? ለምን?»

«የወረዳው ቁጥር አልመጣም። ሂድና አምጣ። አሁን።»

የባምባሲ ቁጥር ከመጣ ሰንብቷል፤ ሪፖርቱ ውስጥ ያስገባሁትም እኔ ነኝ። ልነግራቸው አፌን ስከፍት ፊታቸውን አየሁ፤ ወረቀት እያገላበጡ ነው፤ አያነቡትም። ታይፒስታችን ቦርሳዬን አምጥታ ትከሻዬ ላይ አንጠለጠለችው፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ። ወጣሁ።

ሾፌሩ የወሎ ልጅ ነው። ወላጆቹ በሰፈራ ጊዜ ሲመጡ ልጅ ነበር፤ ያደገው እዚሁ ነው። መኪናው ውስጥ ካሴት ሳይከፍት ቁልፍ አያዞርም። ስለ ድምፁ ሁልጊዜ እንጣላለን፤ እኔ ቀንስ እላለሁ፣ እሱ ይጨምራል። ያን ዕለት በሩን ከፈተልኝ። ከፍቶልኝ አያውቅም። ከከተማው ወጣን፣ የቀርከሃው ጫካ በግራ በቀኝ ተጀመረ፤ ካሴቱ ዝም እንዳለ ነው።

«ካሴቱ ምን ሆነ?»

«ዛሬ ይረፍ።»

የመኪናው ጎማ ድምፅ ብቻ ነበር። እኔ በተወለድኩበት አገር ሐዘን የነካው ሰው አጠገብ ዘፈን አይከፈትም። ወሎም ያው ነው። ይኼ ሐሳብ ሲመጣብኝ በመስኮት ወደ ውጭ ዞርኩና «ሟርት ነው፣ ሟርት ነው» አልኩ ለራሴ። ካሴቱ ተበላሽቶ ይሆናል። ራሱን አሞት ይሆናል። ታይፒስታችን ቫይረስ ፈርታ ይሆናል። ሦስቱም በአንድ ቀን ግን?

ባምባሲ ስንደርስ የወረዳው ሰውዬ ግራ ተጋባ። «ልከናል እኮ!» አለ። ሾፌሩ በትከሻዬ በኩል ምን ምልክት እንዳሳየው አላውቅም፤ ሰውዬው «አዎ አዎ፣ ቆዪ እንግዲህ፣ እንደገና እናዘጋጃለን» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ምሳ ቤት ወሰዱኝ። ሾፌሩ ትልቁን ሥጋ ወደ እኔ ይገፋል። እህል አላሰኘኝም። ውሃውን እንኳ ጠጥቼ የጠጣሁ አልመሰለኝም። በመጨረሻ ፊት ለፊት ጠየቅሁት።

«ምን ሰምተሃል?»

«እኔ?» አለ፤ ዳቦውን አስቀመጠ። «እኔ ሾፌር ነኝ እህቴ። የምሰማው ሞተር ነው።»

«እውነቱን ንገረኝ።»

«ብዪ እንጂ፣ ብዪ። መንገድ አለብን።»

እህቴ ብሎኝ አያውቅም። ከወንበሬ ተነሣሁ፤ ተቀመጥኩ፤ ደግሞ ተነሣሁ። ወረዳው የሰጠኝ ወረቀት ያው ቀድሞ የላከው ነበር። እጥፍ አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ተመለስን።

አሶሳ ስንገባ ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላለች። ቢሮው ጭር ብሏል። ጋሼ ለሶላት ወጥተዋል፤ ታይፒስታችን ቀደም ብላ ወደ ቤት ሄዳለች። ሾፌሩ «ቤት ላድርስሽ» አለ። «ወረቀቱን ላስቀምጥ» ብዬው ገባሁ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።

ማሽኑን ከፈትኩ። ሲነሣ የሚፈጀው ጊዜ ያን ቀን አላልቅ አለ። ፕሮግራሙ ተከፈተ። ዝርዝሩ መጣ፤ ከላይ የመጀመሪያው የሥልጠና ጥሪ ነው። ከሥሩ የወንድሜ ስም። ደማቅ። ስለ ምን በሚለው ቦታ ላይ «ለክፍል ኃላፊው፣ በግል» ይላል።

ወንድሜ ለጋሼ ጽፎ አያውቅም።

ሁለቴ ጠቅ ብል ይከፈታል። ይኼን ማድረግ ግን እጄ እምቢ አለኝ፤ የሰው በር መስበር መሰለኝ። ስለዚህ ወደ ሜኑው ሄድኩና የታችኛውን መስኮት መለስኩት። ስክሪኑ ለሁለት ተከፈለ። ታች የመጣው የሥልጠናው ጥሪ ነው። መስኮቱ ሰፍቷል፤ ማለዳ ካጠበብኩት ይልቅ በጣም ሰፍቷል፤ አንድ ሰው መስመሩን ወደ ላይ ጎትቶታል። አሁን የሚቀረኝ የቁልቁል ቀስት ያለባትን ቁልፍ አንድ ጊዜ መጫን ነው። ጣቴን ቀስቷ ላይ አሳረፍኩ።

ጋሼ ገቡ። ፊታቸውና ክንዳቸው ገና እርጥብ ነው። ስክሪኑን አላዩም። ወንበራቸውን እንደ ልማዳቸው ወደ እኔ አስጠግተው ተቀመጡ፤ ፊታቸውን ግን ወደ በሩ አዞሩ።

«ጋሼ፣ ለእርስዎ የመጣ መልእክት አለ» አልኩ።

«አለ።»

«ከወንድሜ ነው።»

«ነው።»

«ላንብብልዎት?»

ውጭ ሾፌሩ የመኪናውን በር ሲከፍትና ሲዘጋ ይሰማል።

«ይኼንን እኔ አንብቤዋለሁ» አሉ። «ስማ። እኛ ጋ ነገር አያድርም። እኛ ጋ ወዲያው ነው የሚነገረው። ጠዋት ሳነብ ልጠራህ ነበር። ታይፒስቱ ለመነኝ፤ ወንድምህም አደራ አለ። የአገሩ ሰው እስኪሰበሰብ፣ በሥርዓቱ፣ አለ። እኔ ልማዱን አላውቅም። አደራ ግን አውቃለሁ።»

«ጋሼ...»

«ብትጫን አልይዝህም። ማሽኑን የምታውቀው አንተ ነህ። ግን ብቻህን ነህ አሁን። እኔ አንድ ሽማግሌ ነኝ፤ ብትወድቅ ማን ይይዝሃል?»

እኔ ያን ጊዜ አወቅሁ፤ ያላወቅሁት ቃሉን ብቻ ነው። ጣቴን ከቀስቷ ላይ አነሣሁ። ወደ ሜኑው ሄጄ መስኮቱን ዘጋሁት። ሁለቴ ስቼ በሦስተኛው ነው የተሳካልኝ። ጋሼ እስከ ቤቴ ድረስ በእግራቸው ሸኙኝ፤ ሾፌሩ መኪናውን ቀስ አድርጎ ከኋላችን እየነዳ ተከተለን። ስለ ዝናቡ አወራን። በቆሎው ዘንድሮ ጥሩ ነው አሉ። ጥሩ ነው አልኩ።

ቤት ስደርስ ግቢው ተጠርጓል፤ በርሜሉ ጢም ብሎ ውሃ ሞልቷል፤ ከአከራዮቻችን ጓሮ አግዳሚ ወንበሮች ተደራርበው ይታያሉ። ታይፒስታችን እንዳላያቸው ብላ ፊት ለፊታቸው ቆመች። «ደክሞሻል፣ ግቢ» አለችኝ። ገባሁ። ጋደም ስል በቀርከሃው ግድግዳ በኩል አፏን አፍና ስታለቅስ ሰማኋት። እኔ አላለቀስኩም። ያልተነገረኝን ምን ብዬ አለቅሳለሁ? ስገላበጥ አነጋሁት።

ሊነጋጋ ሲል መጡ። አሶሳ ያሉ የማርቆስ ሰዎች በሙሉ ነበሩ፤ አንዳንዶቹን በዓይን ብቻ ነው የማውቃቸው። የቢሮው ሰው ከነሾፌሩ ከኋላ ቆሟል። ጎረቤቶቻችን የበርታ ሴቶች ቶብ የሚባለውን ሰፊ ልብሳቸውን ተከናንበው ከአጥሩ በኩል ገቡ። መርዶውን እንዲያረዱ የተመረጡት አንድ የአገሬ ሽማግሌ ናቸው። ጀመሩ፤ ስለዚህች ዓለም ከንቱነት፣ ስለ አዳም፣ ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ ብዙ ተናገሩ። ወደ ፍሬ ነገሩ ሲቃረቡ ተመልሰው ከአዳም ይጀምራሉ። ጋሼ ከኋላ መጥተው ሽማግሌውን ክንዳቸውን ያዝ አደረጓቸውና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አባትህ ዐረፈ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የማስታውሰው በቁርጥራጭ ነው። ሁለት ሴቶች ወገቤን ይዘውኝ ነበር፤ አንዷ ታይፒስታችን ነች፣ «ኦቦሌቲ ኮ፣ ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ» እያለች። ሌላዋ ስሟን የማላውቃት የበርታ እናት ነች፤ በቋንቋዋ የምትለኝ ባይገባኝም እጇ ብርቱ ነበር። ሾፌሩ አግዳሚ ወንበሮቹን ያወጣ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ያ ግቢ ሰው አልጎደለበትም። ገንፎ በባሚያ ወጥ ይዘው የመጡ አሉ፣ እንጀራ ይዘው የመጡ አሉ። ጋሼ በየቀኑ ከሶላት መልስ ይመጡና ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ።

ታይፒስታችን የሆነውን የነገረችኝ ያኔ ነው። እኔ ስልክ ቤት እንደሄድኩ መስመሩ መጣ። ጋሼ መልእክቱን በአንዴ ለማየት ብለው መስኮቱን እስከ ላይ አስፋልኝ አሏት፤ አሰፋችው። መልእክቱ እንደወረደ እሳቸው በታችኛው መስኮት አዩት፤ እሷ ጮክ ብላ ማንበብ ጀምራ መሐል ላይ አቆመች። ልታጠፋው ጋሼ አይሆንም አሏት፤ የሰው አደራ አይጠፋም አሉ። ሌላ ቦታ መደበቅ አታውቅበትም። የምታውቀው መስኮቱን መዝጋት ብቻ ነበር፤ ዘጋችው።

ፈቃድ ያለ አንድ ቃል ተፈረመልኝ። ቀብሩ አልፏል፤ ለአርባው ግን ደረስኩ። ወንድሜም መጥቶ ነበር። አንድ ከሰዓት ከቤታችን ጀርባ ቁጭ ብለን «ለምን አልደወልክም?» አልኩት።

«ብደውል የምታነሺው አንቺ ነሽ» አለኝ። «ለኃላፊሽ ልጻፍ አልኩ። ግን መጀመሪያ ላይ ያለው ሳልከፍተው ይታየኛል ብለሽኝ ነበር። ምናልባት ማሽኑ ላይ ካለሽ ብዬ ሰላምታ አበዛሁ። ስለ ጤናቸው፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ አገሩ ዝናብ፣ ስለ ከብቶቻቸው። ከብት ይኑራቸው አይኑራቸው አላውቅም እኮ! የምጽፈው ሲጠፋኝ የኢንተርኔት ቤቷ ልጅ ‹ስለ መንገዱም ጠይቃቸው› እያለች ረዳችኝ። አባዬን ያመጣሁት ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው፤ ከመስኮትሽ በታች እንዲውል።»

ያን ቀን ቀስቷን ብጫን ኖሮ ምን ይታየኝ እንደነበር አሰላሰልኩ። እኔ ባጠበብኩት ልክ ቢሆን ኖሮ የሚታየው ሰላምታ ብቻ ነበር፤ ጋሼ ግን አስፍተውታል። ለወንድሜ ይኼንን አልነገርኩትም። ሰላምታውን ሲጽፍ የለፋውን ልፋት አየሁና ተውኩት።

እማዬ ጥቁሯን ለብሳ ጥግ ይዛ ነበር፤ አትበላም፣ አታወራም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው።

«ማን አረዳሽ?»

ነገርኳት። ስንት ሰው እንደመጣ፣ ማን እንደያዘኝ፣ ሽማግሌው ከአዳም ጀምረው እንዴት እንደደከሙ። «ኋላ ኃላፊዬ ‹አባትህ ዐረፈ› አሉኝ» ስላት ቀና አለች።

«አባትህ?»

«አዎ። ሁላችንንም እንደዚያ ነው የሚሉን።»

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። አባቴ ካረፈ ወዲህ ስትስቅ ማንም አላየም፤ ለቅሶ ላይ የነበሩት ሴቶች ደንግጠው ዞሩ። ሳቋ ወደ እንባ ሄደ፣ ተመልሶ ሳቅ ሆነ። ከዚያ «እሄዳለሁ» አለች።

«የት?»

«አንቺ ያለሽበት። ልጄን የያዘች ሴት እጇን ሳልስም አልቀርም።»

ከማርቆስ ወዲያ ሄዳ የማታውቅ ሴት ናት። ወንድሜ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሙቀት ነው፣ ወባ አለ ብሎ ለመናት። ስንቋን ቋጠረች። አውቶቡስ ውስጥ እስከ ዴዴሳ ድረስ መቋሚያ እንደያዘ ሰው የፊት ወንበሩን ብረት ጨብጣ ነበር። ቆላው ሲጀምር ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ «ይኼ ነው እንዴ የምትኖሪበት እሳት?» አለችኝ። አሶሳ ገብተን በሦስተኛው ቀን ቢሮ ይዣት ሄድኩ። ጋሼ ከወንበራቸው ተነሥተው በሁለት እጃቸው ጨበጧት። ሁለቱም ስለ አባቴ ምንም አላሉም። ስለ በቆሎው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ መንገዱ ተጠያየቁ። ከብት እንዳላቸው ያን ጊዜ ሰማሁ፤ ሁለት ላሞች።

እኔ ወደ ማሽኑ ዞርኩ። የታችኛው መስኮት እንደተዘጋ ነው። ታይፒስታችን ሥራውን ሁሉ ያለ እሱ ስትሠራ ከርማ ነበር፤ እያንዳንዱን ሁለቴ ጠቅ እያደረገች፣ እየከፈተች፣ እየዘጋች። እኔም ሳልከፍተው ቆየሁ። ጠዋት መስመሩ ሲገናኝ፣ የምጠብቀው ነገር ባይኖርም፣ ዐይኔ የወንድሜን ስም ይፈልጋል። ስም አይቼ፣ ርእስ አይቼ፣ ትንሽ ቆም ብዬ ነው የምከፍተው። የግል መልእክት የመጣለት ሰው ካለ ጠርቼው ወንበሬን ለቅቄለት በር ላይ እቆማለሁ። ጋሼ ለጥቂት ጊዜ ታገሡኝ፤ ቆይተው ግን ወንበራቸውን አስጠግተው «ዐይኔ ደከመ። መልሰው» አሉኝ።

መለስኩት። ሁለት መስመር ብቻ እንዲያሳይ አጥብቤ።

እማዬ ክረምቱ እስኪወጣ ከእኛ ጋር ቆየች። ያቺን የበርታ እናት አገኘቻት፤ ቤታቸው ከእኛ አጥር ወዲያ ነው። አንዷ የሌላዋን ቋንቋ አታውቅም። ከሰዓት በኋላ ግን ማንጎው ሥር ሰሌን አንጥፈው አንድ ትሪ ላይ ጥራጥሬ ሲለቅሙ አገኛቸዋለሁ፤ እማዬ በጎጃምኛዋ ታወራለች፣ ሴትየዋ በበርታ ትመልሳለች፣ ሁለቱም ይነቀንቃሉ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ከአልጋዬ ሥር የነበረው ሻንጣ ግቢው ውስጥ ከነአፉ ተከፍቶ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ልብሴ በሙሉ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል።

«ሻግቶብሽ ነበር» አለች እማዬ፣ ዐይኗን ከትሪው ላይ ሳታነሣ።